የት ላይ ነው የሳቅኸው?

አስራ አንድ ጭረት ነበር። በማስታወሻ ደብተሬ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጫሩ አስራ አንድ አጫጭር መስመሮች፤ ለአንድ ሳቅ አንድ ጭረት። ዘጠና ደቂቃ የተመደበለት የኮሜዲ ዝግጅት አስራ አንድ ጊዜ ብቻ ካሳቀኝ ፍርዱ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በዚያው ሌሊት ተቀምጬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። "ለዛ ቢስ" የሚለው ቃል አራት ቦታ ላይ ይገኛል።

የገመገምኩት "ሳተርደይ ናይት ላይቭ" የተባለውን የአሜሪካ የጭውውት ዝግጅት የመጀመሪያ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1975፣ ከእኩለ ሌሊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ኤንቢሲ ከኒው ዮርኩ ሮክፌለር ሴንተር፣ ከስቱዲዮ 8ኤች በቀጥታ ያስተላለፈው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች የተከተሉትን መንገድ የጠረገ ዝግጅት ስለሆነ ከምንጩ ልጀምር ብዬ ነበር። እንዲያውም ገና በመጀመሪያው መስመር ተሳስቻለሁ፤ ያን ሌሊት የዝግጅቱ ስም ይህ አልነበረም። "ሳተርደይ ናይት ላይቭ" የሚለውን ስም ተፎካካሪው ኤቢሲ ለሌላ ዝግጅት ወስዶት ስለነበር የኤንቢሲው "ኤንቢሲስ ሳተርደይ ናይት" ተብሎ ነው የተጀመረው።

ጽሑፉን ያነበቡልኝ እኔ ጋሼ የምላቸው ጡረታ የወጡ የተውኔት አዘጋጅ ናቸው። ሦስቱንም ገጽ ፊታቸው ሳይፈታ ጨረሱና መነጽራቸውን አወለቁ።

"የት ላይ ነው የሳቅኸው?"

ደብተሬን አውጥቼ ጭረቶቹን ቆጠርኩላቸው።

"ስንት ጊዜ አላልኩህም። የት ላይ ነው ያልኩህ።"

ጭረቶቹ ቦታ አልነበራቸውም። አሳየኋቸው እንጂ የትኛው ጭረት የየትኛው ጭውውት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

"ያልሳቅህበትስ? ለምን እንዳልሳቅህ ታውቃለህ?"

"አያስቅማ፣ ጋሼ።"

"እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ። ያላሳቀህ ጭውውቱ ነው፣ ዘመኑ ነው፣ ወይስ አንተው ነህ?" ወረቀቱን መለሱልኝና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

ተቆጥቼ ነው የወጣሁት። ጥያቄው ግን እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። በማግስቱ ዝግጅቱን እንደገና ከፈትኩ፤ ሥራዬንም ከፍርድ ወደ ምርመራ ለወጥኩት። ያላሳቀኝን እያንዳንዱን ነገር ከሦስቱ በአንዱ ስር መመዝገብ፤ በሦስቱም ስር ካልገባ መተው።

የመጀመሪያው ግኝት የሚያሳፍር ነበር። ያየሁት ቅጂ ሙሉ አልነበረም። በድጋሚ ስርጭት ለአንድ ሰዓት እንዲበቃ የተቆረጠ ነው። "ዝግጅቱ ይቆራረጣል፤ ከአንዱ ጭውውት ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ድልድይ የለውም" ብዬ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፌ ነበር። ድልድዩን የቆረጠው ግን መቀስ ነው። ሙሉውን ቅጂ ካገኘሁ በኋላ ያን አንቀጽ ሰረዝኩ፤ ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ዝግጅት ርዝመት ሳላጣራ ስለ ፍሰቱ አንዲት ቃል አልጽፍም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። በመካከል የምላጭ ማስታወቂያ ይመጣል። ሦስት ምላጭ በአንድ መላጫ ላይ፤ የመጀመሪያው ጸጉሩን ይስባል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው ይቆርጣል፤ በሥዕል ተደግፎ፣ በዚያ የማስታወቂያ ሰዎች በሚያውቁበት የተረጋጋ ድምፅ። በደብተሬ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ፦ "ማስታወቂያ፤ ዝለለው።" ዘለልኩት! ጭውውት ነበር። በ1975 ሁለት ምላጭ ያለው መላጫ ገበያ ከገባ ገና አራት ዓመቱ ስለሆነ "ሦስት" ማለት ራሱ ቀልድ ነው፤ ማስታወቂያውም የሚደመደመው "ምክንያቱም የተነገራችሁን ሁሉ ታምናላችሁ" በሚል መፈክር ነው። ባለ ሦስት ምላጩ ማክ ሦስት በ1998 በእውነት ተሠርቶ ተሸጠ። ሃያ ሦስት ዓመት ቀድሞ የተሾፈበት ዕቃ እኔ ጋ ሲደርስ ተራ ዕቃ ሆኗል። ይህ በየትኛው ዓምድ ይመዝገብ? ዘመኑ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጥዬም "እና እኔ" የሚል ጨመርኩ፤ ምክንያቱም መፈክሩን እስኪጨርስ ብታገሥ ኖሮ ይገባኝ ነበር።

በአቅራቢው በጆርጅ ካርሊን ላይም በደል ሠርቻለሁ። ብቻውን እየቆመ ቀልዱን ያወራል፤ ጭውውቶቹ ውስጥ ግን አንድም ቦታ የለም። እኔም "የክብር እንግዳው ከቤተሰቡ ጋር ያልተቀመጠበት ግብዣ" ብዬ አሽሟጠጥኩ፤ አረፍተ ነገሩን በጣም ወድጄው ስለነበር መሰረዙ አመመኝ። አቅራቢው ከተዋንያኑ ጋር መጫወቱ ልማድ የሆነው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሌሊት ልማድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዝግጅቱ ራሱ ምን እንደሆነ ገና አላወቀም። ስም ዝርዝሩን የሚያነበው ዶን ፓርዶ እንኳ "ለዋናው ሰዓት ያልተዘጋጁት ተዋንያን" የሚለውን የቡድኑን መጠሪያ ቃሉን አገላብጦ ነው ያነበበው። ይህንንም መጀመሪያ "ቸልተኝነት" ብዬ መዝግቤው ነበር። በቀጥታ ስርጭት አፍ ሲስት የሚሰርዘው የለም፤ አሁን ሳየው ከክፍሉ ደስ ከሚሉኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

የዜና ጭውውቱ ሌላ ትምህርት ነበር። ቼቪ ቼስ ዜና አንባቢ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከሚያነባቸው አንዱ ስለ ሠራተኛ ማኅበር መሪው ጂሚ ሆፋ ነው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የሆፋ ስም ለዘላለም የድርጅቱ የማዕዘን ድንጋይ ሆኖ እንደሚኖር አረጋገጡ ይላል። የስቱዲዮው ሰው ይስቃል። እኔ ምንም። ሆፋ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1975 የደረሰበት ጠፍቶ እንደነበር፣ ሰው ሁሉ አንድ ሕንፃ መሠረት ውስጥ በሲሚንቶ ተቀብሯል እያለ ያወራ እንደነበር ካነበብኩ በኋላ ግን ከት ብዬ ሳቅሁ። ሰሙ ምስጋና ነው፣ ወርቁ ሬሳ። ደግሞ የሚገርመው "የማዕዘን ድንጋይ" በእኛም ቋንቋ ያንኑ ሁለት ፊት ይዞ መገኘቱ ነው፤ አንዲት ቃል ሳልለውጥ ልተረጉመው ቻልኩ። ስለዚህ ያላሳቀኝ ቋንቋው አልነበረም፤ የዚያን ወር ወሬ አለማወቄ ነው። በባዕድ ቋንቋ የቀረበ ኮሜዲ የሚገመግም ሰው ይህን ልዩነት ካላጣራ የራሱን አለማወቅ የሌላ ሰው ጥፋት አድርጎ ይጽፋል፤ እኔ ሁለት ገጽ ጽፌአለሁ።

አሁን ወደ መክፈቻው ልመለስ፤ ምክንያቱም ጭውውት እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ እዚያ ነው። ዝግጅቱ ያለ ምንም መግቢያ ይጀምራል። ማይክል ኦዶናሁ መምህር ሆኖ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጆን ቤሉሺ ቋንቋ ሊማር የመጣ ስደተኛ ሆኖ ይገባል። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይደግማል። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ መምህሩ በዚያው በደረቀ ድምፁ "የጣቶችህን ጫፎች ለዎልቨሪኖች ልመግባቸው እወዳለሁ" ይላል። ዎልቨሪን በሰሜኑ ቀዝቃዛ ምድር የሚኖር ነካሽ አውሬ ነው። ተማሪው በትጋት ይደግማል። አረፍተ ነገሮቹ እየከፉ ይሄዳሉ፤ እሱ ትጋቱን አይቀንስም። ድንገት መምህሩ ደረቱን ይይዛል፣ ያቃስታል፣ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ልቡ ቆሟል።

ቤሉሺ ለአፍታ ዝም ይላል። ከዚያ ደረቱን ይይዛል፣ ያቃስታል፣ ይወድቃል።

በመጀመሪያው ግምገማዬ ይህን "ሁለት ሰዎች ሲወድቁ ማየት" በማለት በአንድ ሐረግ አልፌው ነበር። ለሁለተኛው እይታ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ሕጉ ምንድን ነው፣ መቼ ገባኝ፣ ምን እየጨመረ ሄደ፣ በምን ወጣ። ይህን ጭውውት ሳሰፍር ዓምዶቹ ራሳቸው ተናገሩ። ሕጉ መምህሩ ያለውን ሁሉ መድገም ነው። የገባኝ ከሰላምታው ጋር ነው፣ ሳይነገረኝ። የሚጨምረው የአረፍተ ነገሩ ክፋት ነው። መውጫው ደግሞ ሕጉን አይጥስም፤ ሕጉን ላልታሰበበት ነገር ያውለዋል። ተማሪው ሞትንም እንደ ትምህርት ደገመው። ሳቁ ያለው በመውደቁ ውስጥ ሳይሆን ከመውደቁ በፊት ባለችው ዝምታ ውስጥ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ተመልካቹ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፣ አይሆንም ብሎም ያስባል። ከዚያ ቼስ የመድረክ አስተባባሪ መስሎ፣ ማዳመጫ ጭንቅላቱ ላይ አጥልቆ ገብቶ የተጋደሙትን ያያል፤ ወደ ካሜራው ዞሮ ፈገግ ይልና ከኒው ዮርክ በቀጥታ እንደሚያስተላልፉ ያውጃል።

እነዚህ አራት ዓምዶች ግን ሁሉን አይመዝኑም። አንዲ ካውፍማን ብቻውን ይቆማል፣ አጠገቡ ሸክላ ማጫወቻ አለ። "ማይቲ ማውስ" የተባለው የካርቱን ፊልም መግቢያ ዘፈን ይጫወታል። እሱ ምንም አያደርግም። እጁን የት እንደሚያኖር ያላወቀ፣ የተጨነቀ ሰው ነው። "ልታደጋችሁ መጣሁ" የምትለዋ ስንኝ ስትደርስ ብቻ ክንዱን ዘርግቶ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ እንደ ጀግና ያስመስላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይጨነቃል። አንድ ጊዜ ቸኩሎ አፉን ሊከፍት ይልና ይመልሰዋል። ሙዚቃው ሲረዝምበት ውኃ ይጠጣል። በመጀመሪያው ረቂቄ "ቀልድ የሌለው፣ ባዶ" ብዬው ነበር። ጋሼ ድምፁን ዘግቼ እንዳየው መከሩኝ፤ በዝምታ የሚሠራው የተዋናዩ፣ የማይሠራው የጽሑፉ ነው ይላሉ። ዘጋሁት። የቤሉሺ አወዳደቅ ያለ ድምፅም ያስቃል። ካውፍማን ግን ድምፁ ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ፤ የቀረው ማጫወቻ አጠገብ የቆመ ሰው ነው። ስለዚህ የጋሼ ደንብ እዚህ አልሠራም፤ ነገርኳቸው፣ ደስ አላላቸውም። ቀልዱ በሰውየውም በዘፈኑም ውስጥ የለም፤ በሁለቱ መካከል ባለው ጥበቃ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም፤ በየደቂቃው ጭረት እየፈለግሁ ነበር።

የንቦቹን ሆስፒታል ለማንሣት ያህል ላንሣው፤ ንብ የመሰሉ አባቶች ምን ዓይነት ንብ እንደተወለደላቸው ይነገራቸዋል፣ አለቀ። አንድ ሐሳብ ብቻ አለው፤ እሱን ተናግሮ ይወጣል። ተቃውሞ የለኝም።

ይህን ሁሉ ካጣራሁ በኋላም ጭውውቱን ራሱን የምከስበት ቦታ ቀርቷል፤ እንዲቀርም እፈልግ ነበር፤ አለበለዚያ ግምገማ ሳይሆን ይቅርታ መጠየቂያ እጽፍ ነበር። ጎርች በተባለ ምናባዊ ምድር የሚኖሩት የጂም ሄንሰን አሻንጉሊቶች ናቸው። አሻንጉሊቶቹ ግሩም ናቸው፤ ዐይናቸውና አንገታቸው ሕይወት አለው። የሚናገሩት ግን ይጎተታል። ሕጉን ፈለግሁ፣ አጣሁት፤ የሚጨምረውን ፈለግሁ፣ መጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ነው። ዘመኑ አይደለም፤ መጠጥና ንዝንዝን ለመረዳት የዚያን ዘመን ወሬ ማወቅ አያስፈልግም። እኔም አይደለሁም፤ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንዱን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር፤ እነሱም አዛጉ። አንድ ነገር ግን ከመፍረዴ በፊት አጣራሁ፦ ንግግሩን የሚጽፉት የሄንሰን ሰዎች ሳይሆኑ የዝግጅቱ ደራስያን ነበሩ። ያን ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ ወቀሳውን የማይገባው ሰው ላይ እጭን ነበር። ጎርችም የመጀመሪያውን ዓመት ተሻግሮ አልዘለቀም።

ሦስተኛውን ረቂቅ ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ዘጠኝ ገጽ ሆኗል፤ "ለዛ ቢስ" አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጎርች ላይ። ቀስ ብለው አነበቡ። የማዕዘን ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ በአፍንጫቸው ትንፍስ አሉ፤ ከእሳቸው ይህ ብዙ ነው።

"እሺ፣ የት ላይ ነው የሳቅኸው?"

"ምላጩ ላይ። ግን በሦስተኛው እይታ ነው።"

አገጫቸውን ዳሰሱ። ምንም ሳይሉ ተነሥተው ወደ መታጠቢያ ክፍል ገቡና የራሳቸውን መላጫ ይዘው ተመለሱ። ወደ መስኮቱ ወሰድነው። መነጽራቸውን ወረቀቱ ላይ ትተውት ስለነበር ጮክ ብዬ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። አምስት።