ስድስት ሲኒ

ዴንቨር ውስጥ የሣር ማጠጫ እጠግናለሁ። ስፕሪንክለር ማለት ነው። ይህ የገጠመኝ ጁላይ ላይ፣ አንድ ሐበሻ ደንበኛ ቤት ነው።

ከመኪና መግቢያው አጠገብ ሣሩ እንደ መቀነት ረዝሞ ደርቋል። ዞን 3ን፣ ማለትም በአንድ ቫልቭ የሚከፈተውን የዚያን ጎን መስመር፣ ከፍቼ አየሁ። ውኃ የሚረጩት ራሶች ሁሉ ከመሬት ብቅ አሉ፤ የአንዱ ውኃ እስከ ሌላው ራስ ይደርሳል። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ለአለቃዬ ስደውል «ደቂቃ ጨምርበት» አለኝ። ከ10 ወደ 18 አደረግኩት። የዚያ ሰፈር አፈር ሸክላ ነው፣ ውኃ ቶሎ አይጠጣም። የጨመርኩት ሁሉ በእግረኛው መንገድ ፈሶ ሄደ። ሣሩ ያው ነው። አለቃዬ ቀጥሎ «ፈንገስ ነው» ብሎ መድኃኒት አስረጨ። ሂሳቡም ወዲያው ተላከ።

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የደንበኛው እናት በር ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጎጃም የመጡ ናቸው።

«ልጄ፣ ይህ ውኃ ሲረጭ አይተኸው ታውቃለህ?»

«አዎ እማማ፣ አሁን ከፍቼ ላሳይዎት።»

«አሁንማ አንተ ስትከፍተው ነው። በራሱ ሲመጣ ነው የምልህ። ሌሊት።»

ዝም አልኩ። አይቼው አላውቅም። ስንት ዓመት በሠራሁበት ሥራ፣ ውኃው በሰዓቱ ሲረጭ ቆሜ ያየሁበት ቀን የለም።

እሳቸው ሌሊት ለጸሎት ሲነሱ በመስኮት ያዩታል። ማታውን ስድስት ሲኒ ሣሩ ላይ አስቀምጠው አድረዋል። አራቱ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ውኃ አለ። ደረቁ ላይ ያሉት ሁለቱ ታቻቸው ብቻ ረጥቧል። «እዚህ ሳይደርስ ይዝላል» አሉኝ። ውኃ መለኪያ ዕቃ ደርድሮ መፈተሽ እኮ እኛም የተማርነው ነገር ነው። ቀን ላይ አሥር ቤት ሲጠብቅህ ግን ማን ይደረድራል?

በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ተገኘሁ። የሰዓት ክፍያ አልሞላሁም። ቀን 55 ፒኤስአይ ያሳየኝ የውኃ ግፊት መለኪያ 34 አለ። ከዚያ ላይ ቫልቩና ቧንቧው ሲቀንሱበት፣ ራሶቹ የሚፈልጉትን 30 አያገኙም። ምክንያቱ ደጅ ላይ ይታያል፤ የመንገዱ ቤቶች ሁሉ በዚያው ሰዓት እያጠጡ ነው። ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ማጠጣት በበጋ ስለተከለከለ ሁሉም ንጋት ላይ ይሻማል። መነሻውን ወደ ሌሊት 7 ሰዓት አመጣሁት፣ ደቂቃውንም ወደ 10 መለስኩት። ሌላ የነካሁት ነገር የለም።

በሦስት ሳምንት ሣሩ አረንጓዴ ሆነ። የመድኃኒቱ ገንዘብ ይመለስላቸው ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩት። «አየህ፣ መድኃኒቱ ሠራ» አለኝ። ዛሬም ያንን ሣር ፎቶ አንስቶ መድኃኒት ለሚሸጥላቸው ደንበኞች ያሳያል።

ለእማማ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ፤ «ታዲያ አልኩህ እኮ» ብለው መረቁኝ። ለከፈለው ልጃቸው ግን እስካሁን አልነገርኩትም። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ይቆረቁረኛል።