የተፋቀው ማዕረግ

የጎንደር ሰው ዘሩን መቁጠር ያውቃል። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠየቀው በትውልድ ቆጠራ ነበር፤ በአባትም በእናትም በኩል። የኔም እንጀራ ከዚሁ ነው። የትውልድ ሐረጋቸውን በመጽሐፍ ማውጣት ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ማስረጃ አሰባስቤ አዘጋጃለሁ።

አንድ አዛውንት በታይፕ የተመታ ወረቀት ይዘውልኝ መጡ። ከአንድ ደብር ወንጌል ላይ የተገለበጠ የመሬት ሽያጭ ውል ነው። ገዢው፣ የቤተሰቡ ዋና አባት፣ «ደጃዝማች» ተብለዋል። ከግርጌው «ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ የተገኘ» የሚል አለ። በቃ። የትኛው መጽሐፍ፣ ስንተኛው ቅጠል፣ ማን አነበበው፣ የለም። ደብሩን እንኳ ያወቅነው አዛውንቱ ከቤተሰብ ስለሰሙ ነው። በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ «ከቤተ ክርስቲያን» ማለት ምንም አለማለት ነው።

ዘመኑም አላማረኝም። «7262 ዓመተ ዓለም፣ ዘመነ ሉቃስ» ይላል። 7262 ለአራት ሲካፈል 2 ይተርፋል። 1 ከተረፈ ማቴዎስ ነው፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። አንዱ ተሳስቷል።

«ጋሼ፣ ብራናውን ሳላይ አላስገባውም» አልኳቸው።

«የገለበጠው እኮ የተማረ ሰው ነው።»

«ይሁን። እንየው።»

ሄድን። አለቃው ፈቀዱ፤ ዕቃ ቤት ጠባቂው ወንጌሉን አወጡልን፤ መሪጌታው ማንበብ ጀመሩ። በየኅዳጉና በባዶ ቅጠሉ ላይ ውል አለ፣ ኑዛዜ አለ፣ የምስክሮች ስም አለ። የኛን ውል አገኘነው። ዓመቱ ፸፪፻፷፫ ነው፤ ገልባጩ ፫ን ፪ ብሎ አንብቦታል። 5500 ሲቀነስለት ዓመተ ምሕረቱ 1763 መሆኑ ነው። ሉቃስም ልክ መጣ።

መሪጌታው «ደጃዝማች» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ቅጠሉን ቀና አድርገው ወደ መስኮቱ ያዙት። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ብራናው ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ገጹ ሻክሯል። ቀለሙ ከጎኑ ካለው ይጠቁራል፤ ፊደሉም ቦታ ጠቦት ተጨናንቋል። «ተፍቆ የተጻፈ ነው» አሉ። ከሥሩ የነበረው አይነበብም። ስማቸው ግን አልተነካም። ቀጥሎ ባለቤታቸው፣ ወይዘሮ ተብለው፣ አብረው ገዢ ሆነው ተጽፈዋል። ታይፑ ላይ እሳቸው ጭራሽ የሉም።

ወጥተን ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀመጥን።

«አያቴ ደጃዝማች እያለች ነው ያሳደገችኝ» አሉ። «አሁን ለልጆቹ ምን ልበላቸው?»

«ያየነውን ይንገሯቸው ጋሼ። ደጃዝማች አልነበሩም አላልኩም። እዚህ ቅጠል ላይ ግን ማዕረጉ የገባው በኋላ ነው።»

«ባለቤታቸውስ?»

«እሳቸውን ማንም አልፋቃቸውም።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «አያቴ እሷንም ታነሳት ነበር። እኛ ነን ያልሰማናት። ጻፋት» አሉኝ።

ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ከጎንደር አድባራት አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ካስጫኗቸው መጻሕፍት ብዙዎቹን በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወስደዋቸዋል። ዛሬ አብዛኞቹ ለንደን ናቸው። እዚሁ እጃችን ላይ የቀረውን አለማየት ግን ምን ሰበብ አለው?

የግርጌ ማስታወሻውን ተጠንቅቄ ጻፍኩ። ደብሩን፣ መጽሐፉን፣ ቅጠሉን ከነፊቱና ጀርባው፣ ያነበቡትን መሪጌታ፣ ያየንበትን ቀን። የተፋቀውን ቦታ ለብቻው ገለጽኩ። አዛውንቱም አንብበው ተስማሙ።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ወይዘሮዋ አሉ። ዓመቱ ተስተካክሏል። «ደጃዝማች» እንዳለ ነው፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹ ግን አንድም የሉም። የመጨረሻውን እርማት እንዲሠራ የተሰጠው ለዚያው ውሉን በታይፕ ለገለበጠው ሰው ኖሯል። ደውዬ ስጠይቀው «ገጽ ያበላሻሉ፣ ደግሞም ማን ያነባቸዋል?» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሌላ ቤተሰብ ያንን ገጽ ፎቶ አንስቶ «ይኸው ማስረጃ» ብሎ ሲያመጣልኝ ደግሞ ባሰብኝ።

አሁን ማስረጃዬን ግርጌ ላይ አልተወውም። «በእገሌ ደብር ወንጌል፣ በዚህ ቅጠል ጀርባ፣ ማዕረጉ በተፋቀ ቦታ ላይ ተጽፎ ይታያል» ብዬ ከስሙ ጋር እዚያው ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገባዋለሁ። ማውጣት የፈለገ ስሙንም አብሮ ያውጣ።