ኦስቦርን ላይ ያገኘሁት አደስ

ከእንግሊዝ ወደብ ከሳውዝሃምፕተን በመርከብ ተሳፍሮ ዋይት ደሴት ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የተነሳሁት ለልዑል ዓለማየሁ ስል ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሰዉ ከሦስት ወር በኋላ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም መንገድ ላይ አርፈውበት፣ የ7 ዓመቱ ልጅ በ1868 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት የቀረበው እዚህ ደሴት ላይ፣ ኦስቦርን በሚባለው የንግሥቲቱ ቤት ነው።

ንግሥቲቱና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ርስቱን የገዙት በ1845 ነው። ፊት ለፊት ያለው ባሕር ለልዑሉ የኔፕልስን ወሽመጥ ያስታውሳቸው ነበርና ቤቱንም አትክልቱንም በጣሊያን ወግ አሠሩት። አትክልቱ እርከን በእርከን ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ ፏፏቴውም ሐውልቱም ያምራል። እኔን ያስቆመኝ ግን አንድ ነጭ አበባ ያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉን በጣቴ አሸት አድርጌ ሳሸተው እናቴ ጓዳ የገባሁ መሰለኝ። አደስ! እናቶቻችን ለቅቤ ማጣፈጫ የሚያደርጉት፣ ፀጉራቸውን የሚቀቡበት ያው አደስ። በ1845 ጀርመናዊቷ የልዑል አልበርት አያት ከሰጡት እቅፍ አበባ በተተከለች ዝንጣፊ የተራባ ነው ይላሉ። የንግሥቲቱ የበኩር ልጅ በ1858 ከተዳረች ወዲህ የንጉሣውያኑ ሙሽሮች አበባ ውስጥ የኦስቦርን አደስ ይገባል።

ከዚያ በዛፎቹ መሃል አልፌ ስዊስ ጎጆ ወደሚሉት ቤት ወረድኩ። ብዙ የቆየሁት እዚህ ነው። ዘጠኙ የንግሥቲቱ ልጆች ለየራሳቸው መደብ ተሰጥቷቸው አትክልት ያለሙበት ነበር፤ አባታቸውም ምርቱን በገበያ ዋጋ ይገዟቸው ነበር። የየስማቸው የመጀመሪያ ፊደል የተጻፈባቸው ትንንሽ የእጅ ጋሪዎች ዛሬም አሉ። አንዷን በዓይኔ ለካኋት፤ ለ7 ዓመት ልጅ ልኩ ናት። ዓለማየሁ ሲመጣ ግን የቤቱ ልጆች አድገው ነበር፤ የመጨረሻዋ ቢያትሪስ እንኳ 11 ዓመቷ ነበር። ከጎኑ የነበረው አማርኛ የሚያውቀው ጠባቂው ካፒቴን ስፒዲ ነው።

ከጎጆው ዝቅ ብሎ ንግሥቲቱ ይዋኙበት የነበረው ዳርቻ አለ። ጠጠሩ ላይ ተቀምጬ ባሕሩን አየሁ። ልዑል ዓለማየሁ በ1879፣ በ18 ዓመቱ አርፎ ዊንዘር ተቀብሯል። አጽሙ ለሀገሩ እንዲበቃ የቀረበው ጥያቄ በ2023 እንደገና መልሱ እምቢታ ሆነ፤ በአጠገቡ ያረፉትን ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ተባለ። በ7 ዓመቱ ባሕር ያሻገሩት ልጅ ነው። ወደ ሀገሩ ይመለስ።