የወንድሜ መዝገብ ቁጥር

የታናሽ ወንድሜን የወንጀል ፍርድ ግልባጭ ለማውጣት ባሕር ዳር ፍርድ ቤት ስሄድ የያዝኩት ስሙን ብቻ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቀና ብሎ አየኝና «እህቴ፣ መዝገብ ቁጥሩስ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ስንት መደርደሪያ ሙሉ መዝገብ ተደርድሮ ስም ብቻ ይዞ መፈለግ ከባድ ነው።

ወደ ሰፈራችን ሽምብጥ ተመለስኩ። እናቴ መጥሪያውን አራት ላይ አጥፋ ከልደት ካርዱ ጋር አስቀምጣው ነበር። ጠርዙ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ቁጥር ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በማግስቱ ማመልከቻ ጻፍኩ። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተከሳሹን ሙሉ ስም፣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን፣ ግልባጩን ለምን እንደፈለግኩ። ግልባጩን ስትቀበሉ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም መኖሩን እዩ።

ቀኑ ነገር አለው፣ አደራ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚል ማስታወቅ አለበት። ግልባጩ እጁ ከገባ በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አለው። ስለዚህ የተቀበልኩበትን ቀን ወዲያው ጻፍኩት።

ችሎት በመርህ ደረጃ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ይላል። የሚዘጋው በተለየ ምክንያት ነው። እኛ ግን ያኔ የወንድሜ ጉዳይ ሲታይ ፈርተን ውጭ ቆምን። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። የመጨረሻውን ገጽ ሁለቴ አስነበበችኝ።