ባለ 22ቷን ጠመንጃ ስመርጥ፦ ለዒላማ ተኩስና ለትንንሽ አደን

እዚህ ቨርጂኒያ የዒላማ ተኩስ ከጀመርኩ ወዲህ ሐበሻ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «የቱን ልግዛ?» የሚለውን ነው። መልሱ ግን ከጠመንጃው ስም አይጀምርም። ምን ልትተኩስበት ነው? ከምን ያህል ርቀት? በወር ለጥይት ምን ያህል ማውጣት ትችላለህ? እነዚህ ሳይመለሱ መደብር መግባት ገንዘብ መበተን ነው። እኔ የምፈልገው በ50 ያርድ (46 ሜትር ገደማ) ወረቀት መብሳት፣ አልፎ አልፎም ትንሽ አደን ነበር። ስለዚህ ወደ ትንሿ ካሊበር ሄድኩ፤ .22 ሎንግ ራይፍል ወደሚሏት።

ጠመንጃ ሲባል ምንሽርና ክላሽ ለሚታየው ሰው ይቺ መጫወቻ ትመስላለች። በፊት ወታደር የነበሩ አንድ ጋሼ ጥይቷን በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላብጠው አዩና «ይቺማ ለወፍ ነች» ብለው ሳቁብኝ። ብሳቅም ንቀቱን አልወደድኩትም። ብዙዎቹ እሽጎች ላይ እስከ አንድ ማይል ተኩል ድረስ አደገኛ መሆኗ ተጽፎ ይገኛል። ትንሽ ናት ብሎ የሚዘናጋ ሰው አጠገብ አልቆምም።

ጥይቷ ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለች። መምቻው የሚመታው የቀለሁን መሀል ሳይሆን ጠርዙን ነው፤ የሚቀጣጠለው ነገር ያለው እዚያው ጠርዙ ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት ቀለሁን መልሶ መሙላት አይቻልም፣ ተኩሰህ ትጥለዋለህ። ጥሩ ነገሯ ርካሽ መሆኗ ነው። ተራዋ በአስር ሳንቲም አካባቢ ትገኛለች፤ የትልልቆቹ ጠመንጃዎች ጥይት የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። እርግጫ የላትም ማለት ይቻላል። እርግጫ ከሌለ ደግሞ ጀማሪው አይኑን አይጨፍንም፣ ትከሻውንም አያሸሽም። ጥፋቱ ሁሉ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይታያል።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣችው .17 ኤችኤምአር የምትባለው ጥይት ትንሽ አረሯን ከ2,500 ጫማ በሰከንድ በላይ ታበራለች፤ እስከ 100 ያርድና ከዚያም አልፋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። .22 ማግነም ደግሞ ጉልበት አላት። የሁለቱም ጥይት ግን ውድ ነው። ዋና ዓላማህ ልምምድ ከሆነ ጥይት በብዛት መተኮስ አለብህ፤ ውድ ጥይት እጅህን ያስረዋል። ለእኔ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ።

ቀጥሎ የጠመንጃው ዓይነት መጣ። አሜሪካ ውስጥ ማንንም ብትጠይቅ መጀመሪያ የሚጠራልህ ሩገር 10/22ን ነው። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ ነው፣ መለዋወጫው በየቦታው አለ፣ አስር ጥይት የምትይዘው ካዝናው ክብ ሆና ከሆዱ ሥር ትገባለች። አንዴ ካቀባበልከው ከዚያ በኋላ ራሱ ያቀባብላል። ደስ ይላል። ችግሩም ይኸው ደስታው ነው። ምላጩን በሳብክ ቁጥር ይተኩስልሃል፣ እጅህም ይፈጥናል፤ ካዝናው ባዶ ሲሆን ወረቀቱ ላይ ምን እንደተማርክ አታውቀውም። ከፋብሪካ የሚመጣው ምላጭም ከበድ ይላል።

እኔ በእጅ የሚቀባበለውን መረጥኩ፤ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ የሚሠራውን ሲዜድ 457። ሳቬጅ ማርክ 2 በዋጋ ይረክሳል፣ ለጀመረ ሰውም ምንም አይወጣለትም። ቲካ ቲ1ኤክስም የሚመሰገን ነው። እኔን ወደ ሲዜዱ የሳበኝ ምላጩ ነው። ክብደቱን በራስህ ማስተካከል ትችላለህ፤ ሲለቅም ሳይንገራገጭ ጥርት ብሎ ይለቃል። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ ማቀባበሉ ደግሞ በግድ ያረጋጋሃል። እጀታውን ታነሳለህ፣ ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ቀለሁ ይወጣል። እስከዚያ ትተነፍሳለህ።

ስም ከማየት በፊት ግን ትከሻህ ላይ አድርገው። አይንህን ጨፍነህ ጉንጭህን ሰደፉ ላይ አሳርፍና አይንህን ክፈት። ማነጣጠሪያው ሳትንጠራራና አንገትህን ሳትሰብር ፊት ለፊትህ ካልመጣ ያ ጠመንጃ ላንተ አልተሠራም፣ ወይም ሰደፉ መስተካከል አለበት። ለአዋቂ ተብለው ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ለባለቤቴ ክንድ ረጅም ሆነውባታል። ሻጩ አይቸኩልብህም፤ ቢቸኩልብህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ጥይቱ። ይህን ማንም በቅጡ ስላልነገረኝ ነው በረጅሙ የምጽፈው። እነዚህ ትንንሽ ጠመንጃዎች አመለኛ ናቸው። አንዱ የሚወደውን ጥይት ሌላው፣ ያውም ያው ሞዴል፣ ይጠላዋል። ፈጣን የሚባሉት ጥይቶች ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይነሳሉ፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,125 ጫማ ይጓዛል። አረሩ እየሄደ ፍጥነቱ ሲቀንስ የድምፅን ፍጥነት ወደ ታች ያልፋል፣ እዚያ ላይ ይናወጣል። ለውድድር የሚሠሩት ጥይቶች ታዲያ ከመጀመሪያውም ከድምፅ ፍጥነት በታች፣ ወደ 1,070 ጫማ አካባቢ ይነሳሉ። ቀርፋፋ ሆነው በአንድ ቦታ የሚያርፉት ለዚህ ነው።

የምሞክረው እንዲህ ነው። ከየዓይነቱ አንድ እሽግ እገዛለሁ። ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አሳርፌ በ50 ያርድ አምስት አምስት ጥይት በየወረቀቱ እተኩሳለሁ። ዓይነት በለወጥኩ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ተኩሶች አልቆጥራቸውም፤ አረሩ ላይ የተቀባው ሰም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ አፈሙዙ አዲሱን እስኪለምድ ይቆያል። የእኔው ጠመንጃ በጀርመኑ ኤስኬ ጥይት አራቱን በአንድ ቀዳዳ ማለት ይቻላል ደርድሮ አምስተኛዋን ወደ ቀኝ ወረወራት። ያቺ አምስተኛዋ የኔም የነፋሱም ልትሆን ትችላለች፤ በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ በ50 ያርድ ወደ አንድ ኢንች ይገፋታል። በዚያው ወንበር ላይ ርካሹ የጅምላ ጥይት መዳፌን የሚያክል ቦታ ላይ ተበተነ። ጠመንጃው ያው፣ ሰውየው ያው። እንግዲህ «ጠመንጃው አይመታም» ከማለትህ በፊት ጥይት ለውጥ።

ጠመንጃው ላይ ስለሚገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር አንድ ነገር ብቻ። ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ያርድና ከዚያ በላይ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። በ50 ያርድ አይንህን ትንሽ ስታንቀሳቅስ መነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ዒላማው ላይ አብሮ ይንሸራተታል። ለባለ 22 ተብሎ የተሠራ፣ ወይም ርቀቱ የሚስተካከል ግዛ።

እድገቴን በተመለከተ፣ ለውጡ የመጣው ምላጩን ከሳብኩ በኋላ መንቀሳቀስ ሳቆም ነው። ይቺ አረር ቀርፋፋ ናት፤ 50 ያርድ ለመድረስ ከሰከንድ አንድ ሰባተኛ ገደማ ይፈጅባታል። አፈሙዙን ለቃ እስክትወጣም ከትልልቆቹ ትዘገያለች። ምላጩን ስበህ ወዲያው ቀና ብለህ ልታይ ካልክ ታበላሻታለህ። አሁን ምላጩን እንደያዝኩ በመነጽሩ ቀዳዳዋን አያለሁ፣ ከዚያ ነው ጣቴን የማላቅቀው። በኦሎምፒኩ የ50 ሜትር ውድድር አስር የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። እሷን ከረጢት ላይ ሆኜ እነካታለሁ። ቆሜ ስተኩስ ግን ስለሱ ባናወራ ይሻላል።

አደኑ ለኛ ሰው ትንሽ ይወሳሰባል። ቨርጂኒያ ውስጥ በባለ 22 በዋናነት የሚታደነው ሽኮኮ (እዚህ ስኩዊረል የሚሉት) ነው፤ ወቅቱ ከሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይጀምራል፣ በቀን እስከ ስድስት ይፈቀዳል። ጥንቸል ግን ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ከማይበሉት ጋር በስሙ ተቆጥሯል፤ እዚያ ላይ ያለው ሽኮኮ ሌላ እንስሳ ቢሆንም ስኩዊረሉም ስለማያመሰኳና ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ ያው ነው፣ ሁለቱም ቤታችን አይገቡም። ባለቤቴ «የማትበላውን ለምን ትገድላለህ?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፤ እሷ ልክ ናት። ስለዚህ የምሄደው ሥጋውን ከሚበላ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ብቻ ነው፣ የመታሁትም የሱ ነው። ዛፍ ላይ ያለ ሽኮኮ ከጀርባው ግንድ ከሌለ አልተኩስም። ወደ ሰማይ የሄደች አረር የት እንደምትወርድ አታውቅም፤ ያ አንድ ማይል ተኩል እዚህ ላይ ነው ትርጉም የሚኖረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ለምታወጡ የአዳኝ ትምህርቱ ግዴታ ነው። ጠመንጃ የሚፈቀድበትም ደንብ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል፣ አስቀድማችሁ እዩ።

ግዢው ላይ ደግሞ ይሉኝታ እንዳይጥላችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ይከለከላል። ሱቁ ውስጥ በሚሞላው ቅጽ 4473 ላይ እውነተኛው ገዢ አንተ መሆንህን ትጠየቃለህ። «ወንድሜ ባንተ ስም ግዛልኝ፣ ብሩን እሰጥሃለሁ» የሚል ቢመጣ መልሱ አይሆንም ነው። የፌዴራል ወንጀል ነው፣ የአገር ልጅነት አያድንህም። ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ጠመንጃውም ጥይቱም ለየብቻ ይቆለፋል።

አረሩ እርሳስ ነው፣ መርዛማው ብረት፤ ከተኮሳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ምንም አትንኩ። እኛ የምንበላው በእጃችን ነው። ከቤት ስወጣ ሳሙናና ውሃ መኪናው ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ቀጥሎ ወደ 100 ያርድ ልሄድ ነው። በ50 ያርድ የተስተካከለችው እዚያ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ትወርዳለች፣ ነፋሱም በብዙ ይብሳል። የኤስኬውን ጥይት ከአንድ ምርት ቁጥር በካርቶን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ዓይነት እየለዋወጥኩ እንዳልምታታ።