ባሕሩን ለማየት፦ ከአዲስ አበባ ጣና ድረስ በቪትዝ

ሀገራችን ባሕር የላትም ይባላል። ጎጃም ሄዳችሁ ግን ይህን ብትናገሩ የሚሰማችሁ አታገኙም። ጣናን ሐይቅ የሚለው የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። እዚያ ያደገ ሰው «ባሕሩ» ነው የሚለው፤ ከተማዋም ባሕር ዳር ናት፣ አለቀ። እናቴ የቡሬ ልጅ ናት። ልጅ ሆና አያቴ አንድ ጊዜ ይዘዋት ሄደው ጣናን አይታለች፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ «ባሕሩን ሳላየው እንዳልሞት» ስትል ነው የኖረችው። እኛም «እንሄዳለን እማዬ» እያልን።

የሄድነው መስከረም 2011 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ወራት አድክመውኝ ነበር። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ፣ መሐል ላይ ቢሮ፣ ቢሮ ሳልሆን ደግሞ ከቢሮ የሚደወል ስልክ። ከቤታችን ጎን ፎቅ እየተሠራ ስለነበር ብረት ሲቆረጥ እስከ እኩለ ሌሊት ይሰማል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያን ዓመት መስቀል ሐሙስ ዋለ፤ አርብን ፈቃድ ጠየቅሁና አራት ቀን ሆነልኝ።

ወንድሜ በአውሮፕላን እንሂድ አለ፣ አንድ ሰዓት ነው። እማዬ «ቡሬን በሰማይ ላልፈው ነው?» አለች። በዚህ ተወሰነ። የወንድሜን ቪትዝ ይዘን የመስቀል ዕለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣን። ከዚያ ወዲህ በአውሮፕላንም ባሕር ዳር ሄጃለሁ፤ ተመሳሳይ ነገር አይደለም። በአውሮፕላን ስትሄዱ ጭንቅላታችሁ አዲስ አበባ ቀርቶ ሰውነታችሁ ብቻ ነው የሚደርሰው። በመኪና ግን ከተማው ከላያችሁ ላይ በየኪሎ ሜትሩ እየረገፈ ነው የምትሄዱት።

ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ፀሐይዋ ወጥታለች። ከዚያ እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግማሹ ቁልቁለት ግማሹ ዳገት፣ መሐሉ ዓባይ። ሸለቆውን ስንት ጊዜ በፎቶ አይቼዋለሁ፤ ፎቶ ላይ የሌለው ሙቀቱ ነው። ከላይ ሹራብ ለብሰን ነበር። እየወረድን ስንሄድ መስኮት ከፈትን፣ ሹራብ አወለቅን፣ ጆሯችን ተደፈነ። የድንጋዩም ቀለም ይለዋወጣል፤ ከላይ ጥቁር፣ ዝቅ ሲል ነጣ ያለ፣ ከዚያም ቀላ ያለ።

ቁልቁለቱ መሐል ላይ የሆነ ነገር ተቃጠለ። ከአዲስ አበባ ከመውጣታችን በፊት አንድ ጋራዥ ወስደነው «ፍሬኑ ምንም አይልም» ተብለን ነበር፤ አሁን ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል፣ ፔዳሉም ለስልሷል። ጥግ ይዘን ቆምን። እማዬ ጸሎት ጀመረች። ወንድሜ የውሃ ላስቲክ ይዞ ሊያፈስበት ሲል ከኋላችን ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ቆመና ሹፌሩ «ተው! ተው!» እያለ እየሮጠ ወረደ። የጋለ ፍሬን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ ብረቱ ይሰነጠቃል አለን። ፂማቸው የሸበተ ትልቅ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጀርባ ሙቀቱን ከሩቅ ለኩት። «ስማ ልጄ፣ ዓባይን በፍሬን አይወርዱትም። በማርሽ ነው። የወጣህበት ማርሽ ይበቃሃል።» ግማሽ ሰዓት አብረውን ቆሙ። ስለ ልጆቻቸው ነገሩን፣ እማዬ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው። ከዚያ እሳቸው ከፊት ሆነው እኛ በሁለተኛ ማርሽ እየተከተልን ወረድን። በዚያ መንገድ የምትነዱ ካላችሁ ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ታች ሁለት ድልድይ አለ። አሮጌው፣ ከጎኑ ደግሞ በጃፓን ድጋፍ የተሠራው ባለ ገመዱ። ውሃው በመስከረም ሙሉ ነው፣ የጎጃምን አፈር ይዞ ቡና መስሏል። እማዬ መስኮቱን እስከ ታች ከፍታ ድልድዩን እስክናልፍ ምንም አልተናገረችም። ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር «ጎጃም ገባን» አለች።

ደጀን ላይ ስትወጡ አየሩ እንደገና ይቀዘቅዛል፣ መሬቱ ይዘረጋል። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል። ደመራው በማለዳ ተለኩሶ አመዱ ገና ይጨሳል፤ የምናልፈው ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ የአመድ መስቀል አለው። ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት አደርን። አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን፣ የሁላችንንም ግንባር በደመራው አመድ ቀባች። ስንበላ «አንች፣ ብይ እንጅ፣ ከስተሻል» እያለች እናቴን እንደ ልጅ ታጎርሳታለች። እናቴ ስልሳ ዓመቷ ነው። ሌሊት ከሩቅ ጅብ ይጮኻል፣ ሌላ ምንም ድምፅ የለም። ያን ሌሊት ከስንት ወር በኋላ ሳልነቃ አደርኩ።

ይህን ስጽፍ አክስቴን ካየኋት ቆይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም፣ ስልኩም አንዳንዴ ነው የሚገባው። ለዚህ ነው ያን ጉዞ ሳልረሳው ቁጭ ብዬ መጻፍ የፈለግኩት።

አርብ ጠዋት አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፈን ቡሬ ገባን። የእማዬ የትውልድ ቤት የለም፣ ቦታው ላይ ሱቅ ተሠርቶበታል። እሷ ግን ቤቱን አይደለም የፈለገችው። በልጅነቷ ውሃ የምትቀዳበትን ምንጭ ነው። እየጠየቅን ሄድን፤ ምንጩ ቦኖ ሆኗል። ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። እማዬ ነገሩን ስትነግራቸው አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት የምትሆን ልጅ ጀሪካኗን ከቧንቧው ስር አንሥታ «እማማ፣ ታጠቡ» አለቻት። እማዬ ሁለት እጇን አጣምራ ውሃውን ያዘች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ቀሪውን ጠጣች። ነጠላዋ እስኪረጥብ። ልጅቷን ስማ ተመለሰች። አርብ ስለሆነ ቡሬ ላይ ሽሮ በልተን መንገድ ቀጠልን።

ከጥሊሊ አልፋችሁ ኮሶበር ልትደርሱ ስትሉ ዘንገና ሐይቅ አለ። ከአስፋልቱ ቅርብ ነው፣ ሳታዩት ልታልፉት ትችላላችሁ፤ እባካችሁ እንዳታልፉት። በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ነው፣ ክብ፣ ዙሪያውን ደን። ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው። ጣና እኮ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር አካባቢ ነው። እኛ ስንደርስ ውሃው አንድም ሽብሽብ የለውም ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ሣሩ ላይ ተኛን። ስልኬን መኪና ውስጥ እንደተውኩት ያወቅሁት ስንነሣ ነው።

ከኮሶበር በኋላ፣ በአዲስ ቅዳም በኩል፣ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ነው የሚቀበላችሁ። ገበሬው ይተክለዋል፣ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፣ ከሰል ይሆናል፤ ከሰል የሞላው ጆንያ በየመንገዱ ዳር ተደርድሯል። አዲስ አበባ በረንዳችን ላይ የምንገዛው ከሰል ከየት እንደሚመጣ በዚህ ዕድሜዬ ማወቄ ነው።

ዳንግላን አልፈን ወተት ዓባይ ስንደርስ ግን እማዬ አቁሙ አለች። ከሰከላ፣ ከግሽ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርደው ግልገል ዓባይ እዚህ ነው አስፋልቱን የሚያቋርጠው። ትናንት ሸለቆው ውስጥ ያን የሚያህል ሆኖ ያየነው ወንዝ ነው ይሄ፣ ገና ልጅ ሆኖ። ልብ ያልኩት ያኔ ነው። መንገዱ የሚወስዳችሁ ዓባይን ወደ ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ጎልማሳውን ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ ልጅነቱን፣ መጨረሻ ላይ ያደገበት ቤት ትገባላችሁ።

ባሕር ዳር 11 ሰዓት ላይ ገባን። ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ ሞቅ ያለው አየር። ዕቃ እንኳ ሳናወርድ በቀጥታ ወደ ውሃው ሄድን። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ሻላዎች በዝግታ ይዋኛሉ፣ ትንሽ ነፋስ አለ፣ ሞገዱ ድንጋዩን ይመታል። ወንድሜ ሊያናድዳት ፈልጎ «እማዬ፣ በጂኦግራፊ ይሄ ሐይቅ ነው» አላት። እሷ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ማዶ ስታይ ቆየች። «ማዶው ይታይሃል?» አለችው። አይታይም። «ማዶው የማይታይ ውሃ ባሕር ነው።»

ቅዳሜ ዘጌ ሄድን። በመኪናም ይኬዳል፣ እኛ ግን በጀልባ መረጥን። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወደባችን ብዙም ሳንርቅ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አጠገባችን አለፈ፣ ከኋላው እንጨት ጭኗል፣ ውሃው እግሩ ሥር ይገባል ይወጣል፣ ምንም አይመስለውም። በኋላ ዘጌ ዳርቻ ላይ ታንኳ የሚሠራ ወጣት አግኝተን ቆመን አየን። የደረቀ ደንገል ነው፣ ክንድ በሚያህል ነዶ ነዶ ታስሮ። ነዶውን በጉልበቱ ይጫነዋል፣ ልጡን በጥርሱ ይዞ ይስበዋል፣ ያስረዋል፣ ደግሞ ይጫነዋል። ሲስበው ደንገሉ ይጮኻል። ስንት ጊዜ ያገለግላል አልኩት። ጥቂት ወር፣ ከዚያ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ሌላ እሠራለሁ አለኝ። ውፍረቱን በጣቴ ብጫነው እንደ ዳቦ ገባ ብሎ ተመለሰ።

ገዳማቱ ውስጥ ሴት የማይገባባቸው አሉ፤ ክብራን ገብርኤል አንዱ ነው። ስለዚህ እማዬ የምትገባበትን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን መረጥን። ከወደቡ መንገዱ በቡና ደን ውስጥ ነው፣ ጥላ፣ እርጥበት፣ የጦጣ ድምፅ። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በባህሉ የለም፤ ሰው የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾው፣ በሎሚው ነው። አንድ አባት ሲያስረዱን አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይባላል አሉን። ደኑ እስካሁን የቆመው ለዚህ ይመስለኛል። ማረሻ ቢገባው ኖሮ ዛሬ ባልኖረ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። መቅደሱ ዙሪያውን ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው፣ ቅዱሳኑ፣ መላእክቱ፣ ሰይጣኑ ሳይቀር፤ ቀለሙ ቀይና ቢጫው ዓይን ይይዛል። እማዬ ማንበብ አትችልም። ሥዕሎቹን ግን አንድ በአንድ እያሳየች ለእኔ ታነብልኝ ጀመር። ይቺ ሔሮድያዳ ናት፣ ይሄ በላዔ ሰብእ ነው፣ ውሃ የሰጠው ለማኙ ይሄውና። አንድ ሰዓት ፈጀብን። ዲግሪ አለኝ፣ ግማሹን አላውቀውም ነበር።

ስንመለስ ባለ ጀልባው ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ወሰደን። ጉማሬ አለ፣ ሞተሩን አጠፋና ጠበቅን፤ ሁለት ጆሮና ሁለት ዓይን ብቅ ብሎ ተመለሰ። ውሃው ሳታውቁት ነው መሄድ የሚጀምረው። እምቦጩን ጠየቅሁት። እዚህ በኩል ብዙ አይደለም፣ የባሰው በጎንደር በኩል ነው አለ፤ እሱም ለነቀላው ዘመቻ ሁለት ጊዜ ሄዷል። «በእጅ ነው የምንነቅለው። ነቅለህ ዞር ስትል ይበቅላል።» ይህን ሲል ፊቱ ተለወጠ። አረሙ ጣና ላይ ከታየ ያኔ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር። ዛሬም ስለ እምቦጭ ዜና ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የእሱ ፊት ነው።

ማታ አሳ በላን። ሙሉ ቀረሶ፣ ተተልትሎ የተጠበሰ፣ በአዋዜና በሎሚ። ከዚህ በላይ ምንም አልጨምርበትም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶን ሳናየው ቀረን፣ ጊዜ አልበቃንም።

እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ተመለስን። ከዘጌ የገዛነው ቡና መኪናውን ሞልቶታል። ደጀን አልፈን ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ወንዙ ከሚታይበት ኩርባ ላይ ፍሬኑን ለማሳረፍ ቆምን። ከታች ዓባይ እንደ ቡናማ ክር ይታያል።

እማዬ «ትናንት ስናየው የወጣው ውሃ ነው ይሄ?» አለች።

ወንድሜ አሰበ። ዓባይ በቀጥታ አይመጣም፤ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ ዞሮ ነው እዚህ የሚደርሰው፣ እኛ ደግሞ አቋርጠን ነው የመጣነው። «አይ እማዬ፣ ቀድመነዋል» አላት።

«ገና እየመጣ ነዋ» አለች፣ ድንጋይ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ እየተቀመጠች። «እንግዲያ ትንሽ እንጠብቀው።»

ወንድሜ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኔም ከአጠገቧ ተቀመጥኩ።