ቤት ውስጥ ሚሞሳን ከዘር ማሳደግ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ችግኞቼ የመጀመሪያውን የብርድ ወራት አልፈው እንደገና ቅጠል ማውጣት ጀምረዋል። ከዘሩ አንስቶ እዚህ እስኪደርሱ ያየሁትን ለመጀመር ለምታስቡ ላካፍላችሁ።

በቅድሚያ የትኛውን ሚሞሳ እንደያዛችሁ አጣሩ። በዚህ ስም የሚጠሩት ተክሎች ብዙ ናቸው፤ አያያዛቸውም አይመሳሰልም። ሲነኩት ቅጠሉን ወዲያው የሚያጥፈው አጭሩ ተክል ሚሞሳ ፑዲካ ነው፤ መነሻው ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። ድብልብል ቢጫ አበባ የሚያወጣው ደግሞ የአውስትራሊያው ግራር፣ አካሺያ ዲልባታ ነው። እኔ የማሳድገው አልቢዚያ ጁሊብሪሲን የሚባለውን፣ ሮዝ ቀለም ያለው ጭራ መሳይ አበባ የሚያወጣውን የሐር ዛፍ ነው። ከኢራን አካባቢ ጀምሮ እስከ ቻይና፣ ኮሪያና ጃፓን ድረስ በተፈጥሮው ይገኛል። የምናውቀው ሰሳም አልቢዚያ ስለሆነ የቅርብ ዘመዱ ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስለ ሐር ዛፉ ብቻ ነው።

ዘሩ ቡናማ፣ ጠፍጠፍ ያለና ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሴንቲሜትር አይሞላም። ወደ ብርሃን አስጠግታችሁ ብታዩት በሁለቱም ገጹ ላይ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ቀጭን መስመር ይታያል። በጥፍር ብትጫኑት ንቅንቅ አይልም። ሽፋኑ ውሃ ጨርሶ አያስገባም። ውስጡ ያለው ሕይወት ደህና ሆኖ ሳለ ውሃ ስላልደረሰው ብቻ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል።

ይህ እንቅልፍ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1793 ከቻይና ተሰብስቦ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም በደረቅ ናሙናነት የተቀመጠ የሐር ዛፍ ዘር ነበር። በ1940 ሙዚየሙ በጦርነቱ ቦምብ ተመትቶ እሳት ሲነሳ፣ ለማጥፊያ የተረጨው ውሃ ዘሮቹን አራሳቸው፤ እነሱም በቀሉ። ከተሰበሰቡ 147 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ዘር ካላችሁ አርጅቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ ሽፋኑን ከፍታችሁ ሞክሩት።

እኔ ዘሮቹን ለሦስት ከፍዬ ነው ያየኋቸው። አንዱን ክፍል ምንም ሳልነካው እርጥብ አፈር ውስጥ ቀበርኩት። ሁለተኛው ላይ ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውሃ አፍስሼ እዚያው እየቀዘቀዘ እስከ ማግስቱ አቆየሁት። የሦስተኛውን ጠርዝ ደግሞ በጥፍር መቁረጫ በጥቂቱ ገምጬ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩት። በማግስቱ ጠርዛቸው የተገመጠው ሁሉም አብጠው፣ ሽፋናቸውም ለስልሶ አገኘኋቸው። ፍል ውሃ ካገኙት መካከል አንዳንዱ አብጧል፣ አንዳንዱ እንደነበረ ነው። ያላበጡትን ለይቼ ያንኑ ደገምኩላቸው፤ አብዛኞቹ በሁለተኛው ዙር እሺ አሉ። ያልተነኩት አፈር ውስጥ እንደ ጠጠር ቀሩ።

ዘራችሁ ጥቂት ከሆነ መገመጥን እመርጥላችኋለሁ፤ እያንዳንዱን ዘር በዓይናችሁ እያያችሁ ስለምትሠሩ የምታጡት አይኖርም። የሚገመጥበት ቦታ ግን ወሳኝ ነው። ዘሩ በፍሬው ውስጥ ሳለ ተያይዞበት የነበረው ጫፍ ትንሽ ጠባሳ አለው፤ የወደፊቱ ሥር ያለው እዚያ አጠገብ ስለሆነ ያንን ጎን አትንኩት። ከሱ ራቅ ያለውን ጠርዝ ያዙና ከሽፋኑ ሥር ፈዘዝ ያለው የውስጥ ክፍል ነጥብ ያህል ብቅ ሲል አቁሙ። በብርጭቆ ወረቀት ማሸትም ይሠራል፤ ብቻ ጣት ያደክማል። ዘሩ ብዙ ከሆነ ፍል ውሃው ይቀላል፤ ዘሩን ምድጃ ላይ አብሮ ማፍላት ግን ይገድለዋል። ያበጠ ዘር እንደገና ከደረቀ ስለሚሞት፣ በዚያው ቀን አፈር ውስጥ መግባት አለበት።

አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን። እኔ የዘር ማብቀያ አፈርን ከፔርላይት (አፈርን የሚያሳሳ ቀላል ነጭ የድንጋይ ቅንጣት) እና ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቀልኩ። ዘሩን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቀብሬ፣ ላዩን በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍኜ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ቦታ አስቀመጥኩት። ሽፋኑ የተከፈተ ዘር በዚህ ሙቀት ብዙ አያስጠብቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ አፈሩ ስንጥቅ ይላል። መጀመሪያ የሚወጣው አንገቱን የደፋ ግንድ ነው፤ ቀና ሲል ወፍራምና ሞላላ የሆኑትን ሁለቱን ክኮች ይዞ ይነሳል። አንዳንዴ የዘሩ ሽፋን ክኮቹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በጣት አትላጡት። ውሃ እየረጩ ቢያረጥቡት ራሱ ይወድቃል።

ላስቲኩ መነሳት ያለበት ቡቃያው ብቅ እንዳለ ነው። የታፈነ እርጥበት ሲበዛ ፈንገስ ግንዱን ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያቀጥነዋል፤ ጠዋት ደህና የነበረው ቡቃያ ማታ ተጋድሞ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ በኋላ የሚያድነው ነገር የለም፤ መከላከል ብቻ ነው። ውሃውን ከታች በሰሃን ማጠጣት፣ የአፈሩ ላይ እስኪደርቅ መጠበቅና አየር እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ይበቃል። እኔ ትንሽ ማራገቢያ ራቅ አድርጌ አቆምኩላቸው፤ ግንዳቸውም በዚያው ጠነከረ።

ቤት ውስጥ ትልቁ ፈተና ብርሃን ነው። ይህ ዛፍ በተፈጥሮው ጠራራ ፀሐይ የሚወድ ነው። ለኛ ዓይን ብሩህ የሚመስለው ክፍል ለሱ ጨለማ ነው። ብርሃን ሲያንሰው ግንዱ ቀጥኖ ይመዘዛል፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ተክሉም ወደ መስኮቱ ይጋደማል። ፀሐይ ብዙ ሰዓት በሚገባበት መስኮት ያስቀመጥኳቸው እንኳን ትንሽ ተመዘዋል። ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከአናታቸው ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጌ በቀን 14 ሰዓት ያበራሁላቸው ግን አጠር፣ ወፈር ብለው አደጉ። አቅሙ ካላችሁ መስኮቱን በመብራት አግዙት።

የሚቀጥለው እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ነገር ነው። የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ቀላል ነው፤ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥቃቅን ቅጠሎች። ከሱ በኋላ የሚመጡት ዘንጉ ራሱ የሚከፋፈልባቸው ናቸው፤ ዛፉ የሚታወቅበት ድርብ ቅጠል ማለት ነው። እነዚህ ቅጠሎች ሲመሽ ይተኛሉ። ትይዩ የሆኑት ጥቃቅን ቅጠሎች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ ዘንጉም ዝቅ ይላል፣ ጠዋት ደግሞ ይዘረጋሉ። በማጉያ መነጽር ብታዩ እያንዳንዱ ቅጠል ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ እብጠት አለች። እንቅስቃሴው የሚመጣው ከዚያች ነው። በእብጠቷ በአንደኛው ወገን ያሉት ሕዋሳት ፖታሲየም ሲለቁ ውሃም ተከትሎ ይወጣና ይኮማተራሉ፤ በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ተቀብለው ያብጣሉ። ቅጠሉ በዚህ መገፋፋት ይታጠፋል።

ይህን የሚመራው ብርሃኑ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ዣክ ዶርቱ ደ ሜራን እ.ኤ.አ. በ1729 ቅጠሉን የሚያጥፍ ተክል ብርሃን በማይገባበት ቦታ አስቀምጦ፣ በጨለማም ውስጥ ቅጠሎቹ ሰዓታቸውን ጠብቀው እንደሚዘረጉና እንደሚታጠፉ ጽፏል። እኔም ቤት ያሉት መብራቱ ገና ሳይበራ መዘርጋት ሲጀምሩ አይቻለሁ። ተክሉ የራሱ ሰዓት አለው ማለት ነው፤ የኛ ሥራ ያንን ሰዓት አለማዛባት ነው። መብራቱን በማለዳም በእኩለ ሌሊትም እንደተመቸን ከማብራት ይልቅ በሰዓት ቆጣሪ ማሰር ይሻላል፤ ሌሊቱም ቢያንስ ስምንት ሰዓት ጨለማ ይሁን።

አሁን የችግኞቼን ጤና የማውቀው በዚሁ ነው። እኩለ ቀን ላይ ታጥፈው ካየሁ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጥማት ነው፤ ውሃ ካገኙ ይዘረጋሉ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ፀሐዩ ከበረታ ራሳቸውን ከሙቀት እየጠበቁ ነውና እተዋቸዋለሁ። ረፋዱ ገፍቶ ሳይዘረጉ ከቀሩ፣ አፈሩም ከራሰ፣ ያኔ ነው የሚያሳስበው፤ ብርድ መቷቸው ወይም ሥራቸው ውሃ በዝቶበት ታፍኖ ይሆናል። ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ከጠበቃችሁ ምልክቱ ዘግይቶባችኋል፤ አተጣጠፉ ግን ቀድሞ ይናገራል።

ስለ ማሰሮው፦ አውራ ሥሩ በፍጥነት ወደ ታች ስለሚወርድ ሰፊ ሳይሆን ጥልቅ ማሰሮ ምረጡ። ሥሩ ከታች መጠምጠም ሳይጀምር፣ አፈሩን ሳትበትኑ እንዳለ ወደ ትልቁ አዛውሩት። ይህ ዛፍ እንደ ባቄላና አተር ወገኖቹ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ናይትሮጅን ከአየር ማግኘት ይችላል። ማሰሮ ሲቀየር ሥሩ ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች ካያችሁ አንዷን በጥፍር ሰንጥቁ፤ ውስጧ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናት። ከፋብሪካ በከረጢት የመጣ ንጹሕ አፈር ውስጥ ባክቴሪያው ላይኖር ስለሚችል ጉብታ አለመታየቱ አያስደንግጥ። ከውጭ አፈር ማምጣቱን እኔ አልመርጠውም፤ ይህን ዛፍ ከሥሩ ይዞ የሚያደርቀው የፉሳሪየም ፈንገስ የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው። በዕድገት ወራት ብቻ፣ ከታዘዘው በግማሽ የቀጠነ፣ ናይትሮጅኑ ያነሰ ማዳበሪያ እሰጣለሁ። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅርንጫፉ ረዝሞ ይልፈሰፈሳል።

ተባይ ቢመጣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አየሩ ሲደርቅ ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ስስ ድርና ደቃቅ ነጠብጣብ ካያችሁ ተክሉን ወስዳችሁ በውሃ እጠቡት፣ በየጥቂት ቀኑም ድገሙት።

ቀኑ ሲያጥር ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው መርገፍ ጀመሩ። ይህ ዛፍ በተፈጥሮው በብርድ ወራት ቅጠሉን የሚያራግፍ ስለሆነ አልሞተም፤ ዕረፍት ላይ ነው። ከመብራቱ አንስቼ ማሞቂያ ወደሌለው፣ ውርጭ ግን ወደማይገባበት ክፍል ወሰድኳቸው። ውሃውንም አፈሩ ጨርሶ እንዳይደርቅ ያህል ብቻ አደረግኩት። በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ግንዱን በጥፍር ጫር ማድረግ ይበቃል፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ካለ ደህና ነው። ከዕረፍቱ ሲነሳም ቀርፋፋ ነው፤ ሌሎች ተክሎች ቅጠል ለብሰው እሱ ገና ደረቅ እንጨት መስሎ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ መንቀል ትልቅ ጉዳት ነው።

ለብርድ ያለው አቅም እንደ ዘሩ መነሻ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1918 የዕፅዋት ሰብሳቢው ኧርነስት ዊልሰን ከኮሪያ ያመጣው ዘር አሜሪካ በሚገኘው አርኖልድ አርቦሬተም በተባለው የዛፎች መናፈሻ ብርዱን ተቋቁሞ የሚያድግ ዛፍ ወጥቶታል፤ ከሞቃት አካባቢ የተለቀመ ዘር ግን ያን ያህል አይችልም። ዘር ስትገዙ ከየት እንደተለቀመ ጠይቁ። ቅጠሉ ወይን ጠጅ የሆነውን ዓይነት የምትፈልጉ ደግሞ፣ ከዘር የሚወጣው እናቱን ላይመስል እንደሚችል እወቁ፤ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣም አለ።

ይህ ዛፍ ሜዳ ላይ ከ6 እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ዕድሜ ልኩን ቤት ውስጥ የሚኖር ተክል አይደለም። አበባውን ለማየትም ዓመታትና ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። እኔ የተወሰኑትን በቦንሳይ መልክ እየገረዝኩ ማሰሮ ውስጥ ላቆያቸው ነው፤ የዋናውን ግንድ ጫፍ ቀንጥቤ ከጎን ቅርንጫፍ ማውጣት ጀምረዋል። የቀሩትን በሞቃቱ ወራት ቀስ በቀስ ውጭ አለማምዳቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ፀሐይ እየጨመርኩ፣ አለዚያ ቤት ያደገው ቅጠል ይቃጠላል። መሬት ላይ ለመትከል የምታስቡ ካላችሁ በምትኖሩበት አገር ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ከተተከለበት እየወጣ በየወንዙ ዳርና በየመንገዱ ጠርዝ ተስፋፍቶ የአገሩን ዕፅዋት እየተጋፋ ነው፤ ዘሩም ብዙ ዓመት አፈር ውስጥ ስለሚቆይ ማጥፋቱ ከባድ ነው። ፍሬና ዘሩን ከሕፃናትና ከቤት እንስሳት አርቁ።

ሁለትና ከዚያ በላይ የብርድ ወራት ማሰሮ ውስጥ ያሳለፈ የሐር ዛፍ ያላችሁ፣ ሥሩን መቼና ምን ያህል እንደምትገርዙ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ በሚቀጥለው የማሰሮ ቅያሪ ያንን ልጀምር ነው።